ሲምፕሰንስ፣ ፕላዝማ እና የቴፕ ሞተር

አዘና ላይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የካርቱኖቹንና የሳይንሱን ዓመት በፈረንጅ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በቴሌግራም አንድ ዓይነት ነገር ላኩልኝ። “ሲምፕሰንስ የተባለው የአሜሪካ ካርቱን የሂግስ ቦዞንን ክብደት ከ14 ዓመት በፊት ተንብዮ ነበር” ይላል። አንዱ ከሥሩ “ቲቸር፣ እውነት ነው?” ብሎ ጠይቆኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1998 በተላለፈ አንድ ክፍል ላይ የቤተሰቡ አባት ሆሜር እንደ ኤዲሰን ፈልሳፊ ካልሆንኩ ብሎ ይነሳል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመር ሲሞነጫጭር ይታያል። ከቀመሮቹ አንዱን ቁጥር አስገብታችሁ ብታሰሉት የሂግስ ክብደት 775 ጂጋኤሌክትሮንቮልት ገደማ ይወጣላችኋል። ሰርን ላይ በ2012 የተገኘው ደግሞ 125 ገደማ ነው። ስድስት እጥፍ የሳተ መልስ እኔ ፈተና ላይ ብትጽፉ ማርክ የምሰጣችሁ ይመስላችኋል?

ለኔ ይበልጥ የሚያስቀኝ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያለው ሌላው መስመር ነው። 3987 ፓወር 12 ሲደመር 4365 ፓወር 12፣ እኩል ይሆናል 4472 ፓወር 12 ይላል። ዐሥር አሃዝ በሚያሳይ ካልኩሌተር ሞክሩት፤ ልክ ይመጣል! ግን ልክ ሊሆን አይችልም። ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከ2 በላይ በሆነ ፓወር እንዲህ ያለ እኩልነት በሙሉ ቁጥሮች አይገኝም ብሎ ነበር፤ አንድሩ ዋይልስ ማረጋገጫውን ያሳተመው በ1995 ነው። ዋይልስን ሳንጠራም የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃናል። የ3987 አሃዞች ሲደመሩ 27፣ የ4365 ደግሞ 18። ሁለቱም ለ3 ይካፈላሉ፤ ስለዚህ ግራው በሙሉ ለ3 ይካፈላል። የ4472 አሃዞች ድምር ግን 17 ነው፤ ለ3 አይካፈልም። አለቀ። ካልኩሌተሩ የዋሸው ልዩነቱ ዐሥራ አንደኛው አሃዝ ላይ ስለሚጀምር ነው።

ይሄን ያደረገው ሰው ዴቪድ ኮኸን ይባላል። ሃርቫርድ ፊዚክስ ተምሮ፣ በርክሌይ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨምሮ፣ ከዚያ ቀልድ ጸሐፊ ሆኖ ቀረ። የሂግሱን ቀመር ያገኘው የሥነ ፈለክ ባለሙያ የሆነ ጓደኛውን ጠይቆ ነው። በ1999 ከማት ግሬኒንግ ጋር ፊውቸራማን ሲጀምሩ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኬን ኪለር በሒሳብ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው፤ በ2010 ለአንድ ክፍል ታሪክ ብሎ አዲስ ቲዎረም አረጋግጧል። ለካርቱን! እኛ ሀገር ቢሆን “ለዚህ ነው ወይ ይሄን ሁሉ የተማርከው?” እንለው ነበር፤ እናቱም ሳይሉት አልቀሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ1995 በተላለፈ አንድ የሲምፕሰንስ ክፍል ላይ መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ይመታሉ፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። የሆሜር ልጅ ሊሳ ትምህርት ስለናፈቃት ቤት ውስጥ ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚሽከረከር ማሽን ትሠራለች። የሚብሰው ነገር ማሽኑ ፍጥነት እየጨመረ መሄዱ ነው። ሆሜር ልጁን ጠርቶ፣ በዚህ ቤት የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ይከበራል ብሎ ይቆጣታል። ሌላ አባት “እዚህ ቤት ማምሸት ክልክል ነው” በሚልበት ድምፅ።

ቀልዱ የገባው ሰው ሁለት ጊዜ ይስቃል። አንደኛ፣ ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ አባት የሚያስከብረው፣ ልጅ የሚጥሰው የቤት ደንብ መሆኑ። ሁለተኛ፣ ፊዚክስ የማያውቀው አባት ትክክል ሆኖ ጎበዟ ልጅ መሳሳቷ። ሕጉን ለማያውቅ ግን ሰውየው ዝም ብሎ የሚጮህ አባት ነው። እንዲህ ዓይነት ቀልድ አያስተምርም፤ የተማረውን ካልተማረው ይለያል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

በፕላዝማው ዘመን የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍላችን ይመጣ ነበር። በመስኩ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይሰጣል፣ ጥቂት ጊዜ ይጠብቃል፣ መልሱን ይናገራል፣ ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ኒውተንም አብሮ ይጠፋል። ቤቱ አዊኛ፣ ገበያ አማርኛ የሚናገር ልጅ ፊዚክስን በሦስተኛ ቋንቋ፣ ያውም በሩጫ ሲሰማው አስቡት። እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየው! እኔም ጥግ ላይ ቆሜ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም ማለት ይቻላል፤ የቀሩኝን ጥቂት ደቂቃዎች አማርኛ ለመተርጎም እሻማ ነበር። ጥሩ ሥዕልና ሙከራ ይታይበት እንደነበር አልክድም። ግን አንድም ልጅ በፕላዝማ ፊዚክስ ሲስቅ አላየሁም፤ የሚሳቀው በፕላዝማው ላይ ነበር።

2001 ዓ.ም. ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ልጅ ከቤቱ የሠራውን ይዞ መጣ። ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ሞተር፣ የብስክሌት ዳይናሞ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የላስቲክ ማሰሪያ፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ። “ቲቸር፣ ድንጋዩ ለማስነሻ ብቻ ነው። ሞተሩ ዳይናሞውን ያዞራል፣ ዳይናሞው መልሶ ሞተሩን ያዞራል። ከዚያ ድንጋዩን እናወጣዋለን” አለኝ። አወጣነው። ቆመ። “ሽቦው ላልቶ ነው” አለ።

ያንን ሰሞን ባሕር ዳር የሚማር ጓደኛዬ በፍላሽ ከሰጠኝ ፊልም ጋር የሊሳን ክፍል አይቼው ነበር። እናም ምን አደረግሁ? ወገቤን ይዤ፣ በሆሜር ድምፅ፣ “በዚህ ክፍል የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ይከበራል!” አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ሕጉ ገብቷቸው አይደለም፤ እኔ ስለሳቅሁ ነው። ልጁ ዕቃውን በፌስታል ከተተ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ያኔ ልነግረው የሚገባኝን ታሪክ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የሱ ዓይነት ማሽን ብዙ አባቶች አሉት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው ባስካራ ራሱን የሚያዞር ጎማ አስቧል። በ1618 እንግሊዛዊው ሮበርት ፍለድ ያፈሰሰውን ውሃ መልሶ ወደ ላይ የሚስብ የውሃ ወፍጮ ጽፏል፤ የልጁ ሞተርና ዳይናሞ ማለት ነው፣ በውሃ ሆኖ። ከብዛቱ የተነሳ የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ በ1775 ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነት ማሽን አልመረምርም ብሎ በሩን ዘጋ። ልብ በሉ፤ የኢነርጂ አለመጥፋት ሕግን ሄልምሆልትዝ ጽፎ ያሳተመው በ1847 ነው። ሕጉ ተጽፎ ሰዎች አልሞኙም፤ ሰዎች ሞክረው ሞክረው ስላቃታቸው ነው ሕጉ የመጣው።

ከሁሉም የምወደው ግን የሲሞን ስቴቪን ነው። በ1586 ሁለት ጎኑ እኩል ያልሆነ ሦስት ማዕዘን ላይ ክብ የሆነ የኳሶች ሰንሰለት ሰቀለ፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በረጅሙ ተዳፋት ላይ ብዙ ኳስ፣ በአጭሩ ላይ ጥቂት ኳስ አለ። ብዙው ቢስበው ሰንሰለቱ ይዞር ነበር፤ ቢዞር ደግሞ ቅርጹ መልሶ ያው ስለሆነ ለዘላለም ይዞራል። ይሄ አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎኖች ሚዛን ላይ ናቸው! በዘጠነኛ ክፍል በሳይን የምታሰሉት የተዳፋት ሕግ ከዚህ ወጣ። “ድንጋዩን ስናወጣ ለምን ቆመ? ኢነርጂው የት ሄደ?” ብዬ ጠይቄው ቢሆን ሰበቃውን፣ የሽቦውን ሙቀት፣ የላስቲኩን ጩኸት ራሱ ይቆጥርልኝ ነበር። ክፍሉም ከሱ ጋር በሳቀ።

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልተውኩም፤ መንገዱን ቀየርኩ። ፊውቸራማ ላይ በ2001 የተላለፈ የፈረስ ውድድር አለ። ሁለት ፈረሶች እኩል ይደርሳሉ፣ ዳኞች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው አሸናፊውን ይለያሉ፤ የተበላው ፕሮፌሰር “ስትለኩት ውጤቱን ቀየራችሁት!” ብሎ ይጮኻል። ይሄን ወደ ጥር 23 አመጣሁት፤ እንጅባራ፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል። ፈረሱ የተሸነፈበት አጎት ዳኛውን “አንተ ባታይ ኖሮ የኔ ፈረስ ገና አልተሸነፈም ነበር” ይላል። መጀመሪያ ስለ ኤሌክትሮን አስተምሬ፣ ቀልዱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ከኋላ ወንበር አንዷ በአዊኛ ለጓደኛዋ ስትተረጉምላት ሰማሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። ፕላዝማው እንዲህ አሳቆ አያውቅም።

በኛ ቴሌቪዥን እንዲህ ዓይነት ነገር የለም ወይ ለምትሉ፣ ለሕፃናት የምትቀርበው ፀሐይ መማር ትወዳለች አለች፤ ጠያቂዋ ቀጭኔ ግን ገና ትንሽ ልጅ ናት። ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የሚሆን፣ ሕጉን ይዞ በሕጉ የሚቀልድ አማርኛ ወይም አዊኛ ካርቱን አላየሁም። ጸሐፊዎቹ ግን እናንተ ውስጥ አላችሁ፤ የኔን አነጋገር ስታስመስሉ ሰምቻችኋለሁ።

ሰሞኑን ስለዚያ አድማ ክፍል ደጋግሜ አስባለሁ። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ስንት ሊሳ ቤቷ ተቀምጣለች። አንዷ የማይሆን ማሽን ሠርታ ብታመጣልኝ አሁን ወገቤን አልይዝም።

ያ ልጅ ዛሬ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነው። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አግኝቼው ሻይ ጠጣን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ “ኧረ ቲቸር፣ ረስቼዋለሁ” አለ፣ እንዳልረሳው ያስታውቃል። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፣ ለመሆኑ ያ ማሽን ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሠርቶልህ ነበር አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ “ድንጋዩ እስኪያልቅ ድረስ ዘላለማዊ ነበር” አለኝ።