የእንደራሴ ጥያቄ በወለጋ
የእንደራሴ ጥያቄ የምክር ቤት አባል በመራጮቹ ስም መንግሥትን የሚጠይቅበት አሠራር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55(17) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ወለጋ የሚገኝበትን የኦሮሚያ ክልል አስፈጻሚ የሚጠይቀው ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ከወለጋ እንደራሴዎች ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ጎልተው ይታያሉ፤ እስከ 1994 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት እኚህ የታሪክ ምሁር በ1997 በግል ተወዳድረው የትውልድ ከተማቸው የደምቢ ዶሎ ተወካይ ሆኑ። ከርእሰ ብሔርነት በኋላ ወደ ተራ እንደራሴነት መምጣት ብርቅም የሚከበርም ነው። በዚያው ምርጫ ሌላው የወለጋ ተወላጅ ቡልቻ ደመቅሳም በተቃዋሚነት ምክር ቤቱ ገብተዋል። መንገድና ውሃ ብቻ ሳይሆኑ የነቀምቴው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና የደዴሳ ወንዝ ጉማሬዎችም የእንደራሴ ጉዳይ ናቸው፤ የቅርስና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሕግን የፌዴራል መንግሥቱ ሲያወጣ መሬቱን ክልሉ ስለሚያስተዳድር፣ ጥያቄው በሁለቱም ምክር ቤቶች ሊነሣ ይገባዋል።