«ይቻለኛል» ከየት ይመጣል? ባህል፣ ጾታና ንግድ የመጀመር ውጥን በኢትዮጵያ

ሰዎች የራሳቸውን ንግድ ለመጀመር የሚወጥኑት መቼ ነው የሚለውን የሚመረምሩ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት የሥነ ልቦና ተመራማሪው አይሴክ አይዘን በ1991 እ.ኤ.አ. ያብራራውን ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ መሠረት ውጥንን የሚቀርጹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለሥራው ያለን አመለካከት፣ ይሉኝታ፣ እና ይቻለኛል የሚል እምነት። ተመራማሪዎቹ ሊኛንና ቼን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ስፔንና ታይዋን ባወጡት ጥናት ይሉኝታ ውጥንን በቀጥታ ሳይሆን በሌሎቹ ሁለቱ በኩል እየዞረ እንደሚነካ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ጉፕታና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በሕንድና በቱርክ ያገኙት ይበልጥ ያስገርማል። ወንዶችና ሴቶች በውጥናቸው አልተለያዩም፤ ከፍ ያለ ውጥን የታየው ራሳቸውን ከወንድ ጠባይ ጋር ይበልጥ ባመሳሰሉት ዘንድ ነበር፣ ወንድም ይሁኑ ሴት።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሴት ልጅ መነገዷ ነውር ሆኖ አያውቅም። ጉልት የምትቸረችረው፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠው፣ በርበሬና ቅቤ ይዛ ገበያ የምትወጣው ሴት ልጆቿን እስካሳደገችበት ድረስ ትመሰገናለች። ይሉኝታው የሚጠብቃት ንግዱ ሲሰፋ ነው፤ ዕቃ ለማምጣት ሌላ ከተማ ማደር፣ ከጅምላ ነጋዴ ጋር በዱቤ መደራደር፣ በስሟ መበደር ሲመጣ። ባህሉም አንድ ወጥ አይደለም። ለረጅም ዘመን አራሽና ወታደር ሲከበሩ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተንቀዋል። ሸክላ ሠሪዋ ሙያውም ገበያውም በእጇ ነበር፤ የጎደላት ክብር ነው። በአንጻሩ መርካቶ ውስጥ ከሊስትሮ ተነሥቶ በዕቁብ ሱቅ መክፈት ለብዙ የጉራጌ ወጣት የሚያኮራ መንገድ ሆኖ ኖሯል፤ ያ ዝነኛ ታሪክ ግን ሁልጊዜ የሚተረከው ስለ ወንድ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ ይቻለኛል ማለት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ግል ድፍረት ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገ፣ የጋራ ንብረት አስተዳደርንም በዋናነት ለእሱ የሰጠ ሲሆን፣ አንዱ ተጋቢ ሌላው ከቤት ውጭ እንዳይሠራ መቃወም እንዲችል ፈቅዶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀረ፤ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜም ወደ 18 ከፍ አደረገ። ሕጉ በሁሉም ክልሎች በአንድ ጊዜ ተግባራዊ ስላልሆነ ተመራማሪዎቹ ሃልዋርድ-ድሪሚየርና ጋጂጎ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አካባቢዎቹን ማነጻጸር ችለዋል። ማሻሻያው በተተገበረባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ሙሉ ጊዜና ክፍያ ባለው ሥራ የመሰማራት ዕድላቸው ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ጨምሮ ተገኝቷል። እርግጥ ጥናቱ የለካው የሥራ ዓይነትን እንጂ ውጥንን አይደለም፤ ሕጉም በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ስለለወጠ የትኛው አንቀጽ ምን እንዳመጣ መለየት ይከብዳል። ቢሆንም የይቻለኛል ስሜት በከፊል በአዋጅ እንደሚወሰን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የንግድ ትምህርት ተማሪዎችን በመጠይቅ ብቻ እየለኩ «የሴቶች ውጥን ዝቅ ይላል» ብሎ መደምደም ችኮላ ይመስለኛል። ተማሪዋ ገና ዋስትና አልተጠየቀችም፤ ያገባች ነጋዴ ግን ተጠይቃለች። መጠይቁ የቤት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የንግድ ፈቃዱን ማን እንዳወጣ፣ ዕቁቡ ሲደርስ በገንዘቡ ላይ ማን እንደሚወስን ከውጥን ጥያቄዎቹ ጎን ቢያስገባ፣ አሁን የድፍረት ማነስ ተብሎ ከተመዘገበው ምን ያህሉ የንብረት ጉዳይ እንደሆነ መለየት ይቻል ነበር።