ጓሳ፤ ለወፍ ተመልካችና ለፎቶግራፍ አንሺ

ወፍ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙውን ጊዜ የሚያቀናው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ነው፡፡ ቅርብ ናቸው፤ ሻይ እየጠጡም ወፍ ይታያል፡፡ ሁለት ሦስት ቀን ላለው ሰው ግን እኔ የምመክረው በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘውን የጓሳን ደጋ ነው፡፡ ሐይቅ ባይኖረውም ረግረጉና ጨፌው ሐይቅ የማይሰጠውን ያሳያል፡፡

ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፡፡ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ በመገንጠል ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ ይገኛል፡፡ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፡፡ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፡፡ የመንዝ ባና ያለ ምክንያት አልተሠራም፡፡

በረግረጉ ዳር በአገራችን ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል፡፡ ቆሞ ሲግጥ ግራጫና ቡናማ ነው፤ ሰማያዊው ጎልቶ የሚወጣው ክንፉን ሲዘረጋ ስለሆነ ካሜራን አዘጋጅቶ በትዕግሥት መጠበቅ ይገባል፡፡ በገደሉ አፋፍ ደግሞ በሳይንስ ስሙን ያገኘው በ1979 እ.ኤ.አ. የሆነው አንኮበር ሴሪን አለ፡፡ ትንሽ፣ ቡናማና ዝንጉርጉር በመሆኑ ከድንጋዩ ለመለየት ያስቸግራል፡፡ ወፍ አልገኝ ካለም ጭላዳ አይጠፋም፤ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ይታያል፡፡ ለፎቶግራፍ የተሻለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው፤ በክረምት ጉሙ ሁሉን ይሸፍናል፡፡

ጓሳን ያቆየው አጥር አይደለም፡፡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት ቄሮ የተባለ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ለአስቦና ለጌራ ተወላጆች ይከፍት ነበር፡፡ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል፡፡ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው፤ በኋላ ግን ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ፡፡ ዛሬ ቦታው የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው፡፡

ስለዚህ ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያና የአስጎብኚ ገንዘብ እንደ ተራ ወጪ መታየት የለበትም፡፡ ገበሬው ሣሩን አርሶ ገብስ ከሚዘራበት ይልቅ ጠብቆ ቢያቆየው እንደሚጠቅመው የሚያሳየው አንዱ ማስረጃ ይኸው ነው፡፡ ጎብኚ ሲጠፋ የሚጎዳውም ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ዝይዋም ናት፡፡

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ወደዚያ መሄድ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፡፡ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ፀጥታ ከአካባቢው ሰዎች ያጣሩ፤ ካላስተማመነ ጉዞውን ያቆዩት፡፡