አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ሦስተኛ ሆነ



በኮልፌ የሚኖር ሰው፥ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ሲል፥ አስፋልቱን ለቅቆ ኰረት በለበሰ መንገድ ላይ የሚታጠፍ ሞተር ብስክሌት ሳያይ አይቀርም። የኋላው ጎማ በኰረቱ ላይ ሲንሸራተት ነጂው ደንግጦ ፍሬኑን ይይዛል፤ አንድ እግሩንም ወደ መሬት ያወርዳል። ለእርሱ መንሸራተት የመውደቅ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ይህንኑ መንሸራተት ጥበብ አድርገው፥ ፍሬን በሌለው ሞተር ብስክሌት የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ውድድሩም ስፒድዌይ ይባላል።

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው የዚህ ስፖርት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተደረገበትን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የ1936ን ዓመት ነው። ታሪኩን የመረጥነው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የሰውን ሥራ መዝኖ ማዕርግ የመስጠት ኀላፊነት ያለበትን ሁሉ የሚመለከት ጥያቄ በውስጡ ስላለ ነው።

አስቀድሞ የውድድሩን ሥርዓት እንመልከት። አራት ነጂዎች ሞላላ በሆነና ልል አፈር ወይም የከሰል ብናኝ በለበሰ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ሞተር ብስክሌቱ አንድ ማርሽ እንጂ ሌላ የለውም፤ ፍሬን ከቶ የለውም። ገመዱ ሲነሣ ይለቃሉ፤ ሁልጊዜም በግራ በኩል እየታጠፉ አራት ዙር ይሮጣሉ። በማዞሪያው ላይ ነጂው የኋላውን ጎማ ሆነ ብሎ ያንሸራትታል፥ መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል፥ ግራ እግሩን በምድር ላይ እያስነካ ያልፋል። አንደኛ የወጣው 3፥ ሁለተኛው 2፥ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ምንም አያገኝም።

ይህ ስፖርት በ1923 በአውስትራልያ፥ በምዕራብ ሜይትላንድ ከተማ በእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ ከተደረገው ውድድር ተነሥቶ እንደ ተስፋፋ በብዙዎች ይነገራል። በ1928 ወደ እንግሊዝ አገር ገባ፤ በጥቂት ጊዜም ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የማታ ትርኢት ሆነ። በ1929 የታወቁት ነጂዎች የሚወዳደሩበት ሻምፒዮና ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ከባሕር ማዶ የመጡት የአውስትራልያና የአሜሪካ ነጂዎች ልምዳቸው ይበልጣል ተብሎ ከእንግሊዞቹ ተለይተው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ሁሉን በአንድነት አሰልፎ የዓለም አሸናፊ የሚለውን ስም የሚሰጥ ውድድር የተዘጋጀው ግን በ1936 ነው።

አዘጋጆቹ አንድ ችግር ነበረባቸው። ሻምፒዮናው በአንድ ማታ ብቻ ቢወሰን፥ በጋውን ሙሉ የደከመ ነጂ ሞተሩ አንድ ጊዜ ቢጠፋበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ወቅቱን በሙሉ በልዩ ልዩ ሜዳዎች የማጣሪያ ውድድር ተደረገ፤ አሥራ ስድስት ነጂዎችም ተመረጡ። እያንዳንዱም በማጣሪያው ባሳየው ውጤት መጠን ተጨማሪ ነጥብ ተሰጠው፤ ይህም ነጥብ በመጨረሻው ማታ ከሚያገኘው ጋር ይደመር ዘንድ ተወሰነ። ሕጉ አስቀድሞ የተነገረና ለሁሉም እኩል ነበረ።

የመጨረሻው ውድድር የተደረገው በለንደን በዌምብሌ ስታዲየም ሐሙስ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1936 ነው። ይህ ዕለት በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑን ልብ ይሏል። አዲስ አበባ ከሚያዝያ 27 ቀን ጀምሮ በፋሺስት ኢጣልያ ጦር እጅ ነበረች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን አሰምተው፥ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። የተጻፈ ሕግ ሳለ ፍርድ የታጣበት ዓመት ነበረ። የሞተር ብስክሌት ውድድር ከዚህ ጋር የሚመዛዘን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሕግና ፍርድ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ በትንሽ ጉዳይም ይታያል።

በዚያ ማታ 74 ሺሕ ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። እያንዳንዱ ነጂ አምስት ጊዜ ይሮጣል፤ በአምስቱም ሩጫ አሥራ አምስቱን ተወዳዳሪዎች አንድ አንድ ጊዜ ይገጥማል። አውስትራልያዊው አርተር ዊልኪንሰን፥ በቅጽል ስሙ «ብሉዊ» የሚባለው፥ አምስቱንም ሩጫ አንደኛ ወጥቶ 15 ነጥብ አገኘ። ከዚህ በላይ የሚገኝ ነጥብ የለም። የአገሩ ልጅ ላዮኔል ቫን ፕራግ 14፥ እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተን 13 አገኙ። ተጨማሪው ነጥብ ሲደመር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ላንግተን ከማጣሪያው 13፥ ቫን ፕራግ 12 ይዘው ነበርና ሁለቱም 26 ሆኑ። ዊልኪንሰን የያዘው 10 ስለ ነበረ ድምሩ 25 ሆነ። በዚያ ማታ ሁሉን ያሸነፈውና ማንም ያላሸነፈው ሰው ሦስተኛ ተባለ።

እኩል የሆኑት ሁለቱ ብቻቸውን እንዲለያዩ ተሰለፉ። ላንግተን ቸኵሎ ገመዱ ሳይነሣ ገፍቶ በጠሰው። በሕጉ መሠረት ይህ ከውድድር ያስወጣል፤ ቫን ፕራግም አንድ ዙር ሳይነዳ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን እንዲህ ያለውን ድል አልፈልግም ብሎ ውድድሩ እንደ ገና እንዲጀመር ጠየቀ። በሁለተኛው ጅማሬ ላንግተን ቀደመ፤ እስከ መጨረሻው ዙርም መራ። በመጨረሻው ማዞሪያ ላይ ቫን ፕራግ በጠባብ ክፍተት ሾልኮ ከአንድ ጎማ ባነሰ ርቀት አሸነፈ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለትምህርት የተመቸ ይሆን ነበር። ነገር ግን ኋላ ሌላ ወሬ ተሰማ። ሁለቱ ነጂዎች እንዳይጎዳዱ ብለው፥ ወደ መጀመሪያው ማዞሪያ ቀድሞ የደረሰው እንዲያሸንፍ በምሥጢር ተስማምተው ነበር፤ ቫን ፕራግም ቃሉን በማፍረሱ ለላንግተን 50 ፓውንድ ከፈለው ተብሎ ተነገረ። ወሬው እውነት ከሆነ፥ በሕዝብ ፊት ለጋስነት ሆኖ የታየው ከመጋረጃ በስተጀርባ ሌላ መልክ ነበረው ማለት ነው።

እንግዲህ ዊልኪንሰን ተበድሏልን? ሕጉን የሚደግፍ ሰው፥ የበጋው ሥራ በአንድ ማታ ሊደመሰስ አይገባም ይላል፤ ይህም ክብደት ያለው ነገር ነው። በቢሮ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፥ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሰው በአንድ ቀን ፈተና ብቻ ሲመዘን ደስ አይለንም። የሚቃወመው ደግሞ፥ ዋናው ፈተና ሁሉን ፊት ለፊት ያገናኘው ያ ማታ ነው፤ በዚያም ዊልኪንሰን ቫን ፕራግንም ላንግተንንም ቀድሟል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስሕተቱ ያለው ሁለት ዓይነት ሚዛን በአንድ ድምር ተደባልቆ አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን በመደረጉ ይመስለናል።

ዊልኪንሰን በ1938 ትከሻው ተጎድቶ ሳለ ተወዳድሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1940 ግን በሲድኒ በመንገድ አደጋ ሞተ። ቫን ፕራግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኀይል አገለገለ። በ1942 የነበረበት አውሮፕላን በጃፓኖች ተመትቶ ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ፥ የቈሰሉ ጓደኞቹን ለብዙ ሰዓታት ደግፎ ስላዳነ የጆርጅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1939 ሊደረግ የነበረው የመጨረሻ ውድድር በጦርነቱ ምክንያት ቀርቶ፥ ሻምፒዮናው የተመለሰው በ1949 ነው፤ ያን ጊዜም ተጨማሪው ነጥብ ተትቶ በአንድ ማታ ተወሰነ። በ1995 ደግሞ የአንድ ማታው ሥርዓት ቀርቶ፥ ነጥብ ከውድድር ወደ ውድድር በወቅቱ ሙሉ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ተተካ። ዓመቱ ይመዘን ወይስ ማታው የሚለው ክርክር እንዲህ እየተመላለሰ ቈይቷል።

አንድ ነገር ግን ለአዘጋጆቹ ሊመሰገን ይገባል። የ1936 መዝገብ ድምሩን ብቻ አልያዘም። ከ25ቱ አጠገብ የማታው 15 ተለይቶ ተጽፏል፤ ስለዚህም ከብዙ ዓመት በኋላ ያነበበው ሰው ሁሉ፥ ሦስተኛ የተባለው ሰው በዚያ ማታ ማንንም እንዳላስቀደመ ለማወቅ ችሏል። ውሳኔ የሚጽፍ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የሚቀጥለው ሰው ስሕተቱን ያይ ዘንድ ቍጥሩን ሳይሸሽግ ቢያስቀምጥ ግን ለተበደለው የሚቻለውን ያህል አድርጎለታል።