ወደ አምቦ ፍልውኃና ወደ ወንጪ ሐይቅ

በጅዳ በምትሠሩበት ቤት ቧንቧ ስትከፍቱ የሚወርደው ውኃ ትናንት የባሕር ውኃ እንደ ነበረ ታውቁ ይሆናል። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሹዓይባ ዳርቻ የቆመው ታላቅ ማጣሪያ የቀይ ባሕርን ጨው እየለየ ጅዳን፣ መካንና ጣኢፍን ያጠጣል። ይህ ሹዓይባ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት የመካ ወደብ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ በመካ መከራ የጸናባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ አክሱም ንጉሥ ለመሻገር መርከብ የተሳፈሩት ከዚያው ዳርቻ ነው። በ647 ኸሊፋ ዑስማን ጅዳን የመካ ወደብ ካደረጉ በኋላ ሹዓይባ ከታሪክ ገጽ ገለል አለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እነዚያ ስደተኞች የተሻገሩትን ባሕር እናንተ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሻገራችሁ፤ እነርሱ የተሳፈሩበት ወደብም ዛሬ እናንተን ያጠጣል።

ሒጃዝ ከጥንት ጀምሮ ውኃ ሲፈልግ የኖረ ምድር ነው። የሃሩን አል ረሺድ ሚስት ዙበይዳ በ800 ዓ.ም. አካባቢ ለመካ ተጓዦች ያሠራችው የውኃ መስመር እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ጅዳ ግን የዝናብ ውኃ በጉድጓድ እያጠራቀመች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦቶማኖች የተከሉላትን የባሕር ውኃ ማፍያ እየተጠቀመች ቆይታ፣ ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ የመጣ ውኃ ያገኘችው በ1947 በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዘመን ነው። ስለዚህ አቅም ያለው የመካና የጅዳ ሰው በበጋ ወደ ጣኢፍ ይወጣ ነበር፤ አሁንም ይወጣል። ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ ከአሠሪዎቻችሁ ቤተሰብ ጋር፣ መካን ለቅቆ በሚዞረው መንገድ፣ የአል ሐዳን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥታችሁ ያን ቀዝቃዛ አየር ቀምሳችኋል። ቀምሳችኋል እላለሁ እንጂ አርፋችኋል አልልም። ሰው ሲዝናና ልጆቹን የሚይዝለት፣ ምግቡን የሚያሰናዳለት ሰው ከቤት ከሚውልበት ቀን ይልቅ ይደክማል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከእናንተ መካከል የጥቂት ዓመት ቁጠባ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች በሚቀጥለው ፈቃዳችሁ አገር ቤት ስትገቡ ሁለት ቀን በአንድነት ወጥታችሁ ለማረፍ እንዳሰባችሁ ስለሰማሁ ነው። አሳባችሁን የሚቃወሙም እንዳሉ ሰምቻለሁ። «ያ ገንዘብ የወንድም የትምህርት ክፍያ ነው፤ የእናት መድኃኒት ነው፤ ሽርሽር ለሀብታም ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ወንጌላዊው ማርቆስ በ6ኛው ምዕራፍ የሚተርከውን አስቡ። ሐዋርያቱ ከሥራ ተመልሰው እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት ጌታ ለብቻቸው ወደ ጸጥተኛ ስፍራ እንዲሄዱና እንዲያርፉ አዘዛቸው። የሄዱትም በታንኳ፣ በሐይቅ ላይ ነው። ሲደርሱ ግን ሕዝቡ በእግሩ ቀድሟቸው ቆሞ አገኙት። በፈቃድ አገር ቤት የገባ ስደተኛ ይህን ታሪክ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል፤ ሻንጣው ሳይፈታ ዘመድ ደጁን ይሞላዋልና። ጌታ ሕዝቡን አልመለሰም፤ ቢሆንም ለደቀ መዛሙርቱ ዕረፍትን ያሰበው እርሱ ራሱ ነበረ። የእናት መድኃኒት ይቅደም፤ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ቀናት የእናንተ ይሁኑ ባይ ነኝ።

በዚያው በገሊላ ሐይቅ ዳር ጥብርያዶስ የምትባል ከተማ ነበረች። ሄሮድስ አንቲጳስ በ20 ዓ.ም. ገደማ ቆርቁሮ በሮማው ቄሣር ስም የሰየማት፣ አጠገቧም ሐማት የሚባል የታወቀ ፍልውኃ ያለባት ከተማ ናት። ከተማይቱን ዮሐንስ በስም ያነሣታል፤ ጌታ ገብቶባት እንደ ነበረ ግን ወንጌላት አይነግሩንም። ፍልውኃና ሐይቅ ጎን ለጎን በሚገኙበት ስፍራ ነገሥታት ከተማ መሥራት ይወድዳሉ፤ የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አዲስ አበባ የተወለደችው በፍልውኃ ምክንያት ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ተራራ ላይ ሳለ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከብርዱ ወርደው በፊንፊኔ ሜዳ በሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ይታጠቡ ነበር። በ1886 ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወራት እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከዚያ አስቀድሞ ግን በፊንፊኔ፣ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ፣ የእኛ ሰው ተቀምጠው ነበር። ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ፣ የአገራችን ሰው አቡነ ማስያስ የሚላቸው፣ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላ በ1868 ሸዋ ገብተው ከምኒልክ ዘንድ ሞገስ አገኙ። ፈንጣጣን በክትባት ስለ ተከላከሉ ሕዝቡ በመድኃኒተኛነታቸው ያውቃቸው ነበር። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ ከዚያ በ12 ቅጽ የታተመውን የ35 ዓመት ትዝታቸውን ጻፉ። እኔ እነዚያን ቅጾች በዘርአ ክህነት ቤተ መጻሕፍት አቧራቸውን እያራገፍሁ ሳገላብጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ክርክራቸው አልነበረም፤ እኒህ ሰው የሄዱበትን መንገድ በእግር መሄዳቸው ነበር።

እናንተ ግን በመኪና ትሄዳላችሁ። የአምቦ መንገድ ራሱ የታሪክ መጽሐፍ ስለሆነ በመስኮት ተመልከቱ እንጂ አትተኙ። መጀመሪያ ሆለታ ትደርሳላችሁ፤ ምኒልክ ገነት ብለው የሰየሙት፣ ኋላም በ1934 የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተበት ነው። ቀጥሎ አዲስ ዓለም ነው። በ1900 አካባቢ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር ቆርጠው ነበር፤ ቤተ መንግሥትም አሠሩ። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1890ዎቹ የገባው ይህ ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶውን ሞላው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በዚህ አጋጣሚ ግን ከአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ተዘረጋ። በዚያው ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ለሕዝቡ ታላቅ ትንግርት ሆኖ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በአፈ ታሪክ ቀረ። ጊንጪን አልፋችሁ፣ በጥዱ የታወቀውን የጭልሞን ደን አቅጣጫ ተመልክታችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ አምቦ ናችሁ።

የአምቦን ውኃ መጀመሪያ ያወቁት ነገሥታት አይደሉም፤ ከብቶች ናቸው። የኦሮሞ አርብቶ አደር እንዲህ ያለውን ማዕድን ያለበትን ምንጭ ሆራ ይለዋል፤ ላሞቹን ወደዚያ ነድቶ ያጠጣል። ውኃው የሚፈላውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው በከርሰ ምድር ከእሳተ ገሞራ ዘመን የቀረው ጋዝ በግፊት ስለሚሟሟበት ነው፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ግፊቱ ይለቀቅና ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ ኖሯል። ስሙ ከመግነኑ የተነሣ፣ በምግብ ቤት ጋዝ ያለበት ማናቸውንም ውኃ የሚፈልግ ሰው «አምቦ ስጠኝ» ነው የሚለው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማይቱ ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር። ስሙ ያማረ ነው፤ የግዕዝ ተማሪን ጆሮ ደስ ያሰኛል። ነዋሪው ግን አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ዘመኑ ሲለወጥ የተረታው ባለ ደብዳቤው ስም ነው። ይህ መልካም ሆነ እላለሁ፤ ለሰው አገር ስም ስናወጣ አስቀድሞ የነበረውን ስም መጠየቅ ተገቢ ነውና።

ስለ ገላ መታጠቢያው ብዙ አልናገርም። በከተማው ያለው የማዕድን ውኃ መዋኛ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው የቅዳሜና እሑድ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል፤ ብዙ ሠራተኛም ለወገቡና ለጉልበቱ ብሎ ይሄድበታል። በእብነ በረድ ወለል ላይ ለዓመታት ተንበርክካችሁ የወለወላችሁ እኅቶች ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

አምቦ የዕረፍት ከተማ ብቻ እንደ ሆነች አድርጋችሁ እንድትገቡባት አልወድም። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በአቅራቢያዋ በቦዳ ነው። በ1947 የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ2014 የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውመው የወጡ ወጣቶች በጎዳናዎቿ ላይ ተገድለዋል፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች በከተማዋ አሉ። ከእናንተ መካከል የዚያ አገር ልጆች ስላላችሁ ይህን ዘልዬ ወደ ሐይቁ ብሄድ ፊታችሁን ማየት አልችልም። በመኪናው ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ይኑር፤ ገበያ ስትገቡም ሰላምታው በአገሩ ቋንቋ ይሁን። ጉዞው ከመቆረጡ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያ የሚኖር ዘመድ ይጠየቅ፤ መንገዱ ሰላም አይደለም ካለ ቀኑን አዛውሩ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ደቡብ ወጥታችሁ ከአምቦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ወንጪ ነው። በአንድ ወቅት እሳት ሲተፋ የነበረ ተራራ አፉ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ጉድጓዱን ውኃ ሞላው፤ ሐይቁ ይህ ነው። የተራራው አፋፍ ከ3,300 ሜትር፣ የሐይቁ ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የምትመጡት ከባሕር ዳር ከተማ ነውና ትንፋሻችሁ ቢያጥር አትደንግጡ፤ በዝግታ ሂዱ፤ ጋቢ ያዙ። ከአፋፉ ቁልቁል ስታዩ የእንሰት ማሳ፣ ገብስ፣ የሣር ክዳን ቤት፣ በመካከሉ ጥቁር ሰማያዊ ውኃ ይታያችኋል። በውስጡም ፍል ምንጮች አሉ፤ የከርሰ ምድሩ እሳት ገና ጨርሶ አልበረደም።

በሐይቁ ደሴት ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ፤ በታንኳ ይደረሳል። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ገዳም ነው፤ ነጠላችሁን ለብሳችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ በዝምታ ግቡ። በስደት ምድር ደወል ሳትሰሙ ዓመታት ላሳለፋችሁ ለእናንተ ያ ዝምታ ከሌሎቹ ጎብኚዎች ይልቅ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። መነኩሴ ሲጸልይ ግን ስልክ አይነሣ፤ ፎቶው ይቆይ።

የወንጪ ገበሬዎች ከ2000ዎቹ ጀምሮ በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ ይመሩ፣ ፈረስ ያከራዩ፣ ገቢውን በተራ ይካፈሉ ነበር። በ2020 «ገበታ ለሀገር» የተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪን መረጠ፤ በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ዘረዘራት። መንገዱ ተሻሻለ፤ የተሻለ ማረፊያም ተሠራ። ጥሩ ነው። እኔ የምለምናችሁ ከዘመናዊው ማረፊያ ሻይ ብትጠጡም ፈረሱን ከገበሬው ልጅ ተከራዩ፤ ማሩንም ከባለ ቀፎው ግዙ። ዋጋ ስትከራከሩ እናንተ ራሳችሁ ለደመወዛችሁ ከካፊል ጋር የተከራከራችሁትን አስታውሱና በልክ ይሁን።

መመለሻችሁ በመጣችሁበት አይሁን። ከወንጪ ወደ ደቡብ ወሊሶ ውረዱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጦር ያንቀሳቀሱበት አገር ነው፤ እርሷም የራሷ ፍልውኃ አላት፤ በንጉሡ ዘመን ጊዮን ትባል ነበር። በወሊሶ የጳጳሳት ጉባኤያችን ከጣሊያኑ የሐኪሞች ማኅበር ከኩአም ጋር ሆኖ ያቋቋመው የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል አለ፤ የነርሶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤትም አብሮት ይገኛል። ከእናንተ መካከል «ወደ አገሬ ስመለስ ምን እሠራለሁ» የምትሉ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ዓመታት ያሳለፋችሁ እኅቶች፣ በበሩ ማለፍ ብቻ ሳይሆን ገብታችሁ የመግቢያ መስፈርቱን ጠይቁ። ቢሮው በሥራ ቀን ስለሚሠራ የጉዞው ሁለተኛ ቀን እሑድ አይሁን። ከወሊሶ እስከ አዲስ አበባ የሚቀረው ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ብትነሡ በቱሉ ቦሎና በሰበታ አድርጋችሁ ሳይመሽ ትገባላችሁ።