ከአገር ቤት ባለሥልጣን ዴንተን ሲመጣ፦ እንግዳውም ጋባዡም ማወቅ ያለባቸው ነገሮች

ከአገር ቤት ከንቲባ፣ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ፣ የክልል ቢሮ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ዴንተንና አካባቢዋ ያለን ሰዎች መጀመሪያ የምናስበው እራቱን ነው። ማን ይቀበላል፣ የት ይበላል፣ ማን ንግግር ያደርጋል። ወረቀቱና ጥበቃው የሚታሰበው እንግዳው አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ለኦፊሴላዊ ጉዞ የሚጠቅመውን መረጃ በቅደም ተከተል እናስቀምጥ።

ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. 2018ን እናስታውስ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ዝግጅቱን በጁላይ መጀመሪያ እዚሁ ዳላስ ሊያደርግ ሲዘጋጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መገኘት እንደሚፈልጉ ተጠየቀ። ፌዴሬሽኑ በቀረው አጭር ጊዜ ማስተናገድ እንደማይችል መለሰ። ብዙ ተባለ፤ ግማሹ አመሰገነ፣ ግማሹ ወቀሰ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ወር መጨረሻ መጡና ጁላይ 28 ዋሽንግተን፣ 29 ሎስ አንጀለስ፣ 30 ሚኒያፖሊስ ላይ ሕዝብ አነጋገሩ።

ነገሩን የፖለቲካ ጉዳይ ብቻ አድርገን ካለፍነው ትምህርቱ ያመልጠናል። የአንድ አገር መሪ ሲመጣ ጥበቃው የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ ኃላፊነት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችንና መሰል እንግዶችን ደግሞ የስቴት ዲፓርትመንት የዲፕሎማሲ ጥበቃ ክፍል ይይዛል። ከዚያ በታች ያለው እንግዳ ግን በአብዛኛው ጠባቂ የለውም። የእሱ ደኅንነት ያለው በጋባዡ እጅ ነው። ጋባዡ ማነው? እኔና እርስዎ።

ደለስ እና ዳላስ

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ነው። በእኛ አፍ ሁለቱም "ዳላስ" ናቸው፤ በመካከላቸው ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ትኬቱ ላይ የዋሽንግተኑ አይ-ኤ-ዲ፣ የእኛው ዲ-ኤፍ-ደብልዩ ተብሎ እንደሚጻፍ ለእንግዳው አስቀድመው ይንገሩት።

ሌላም አለ። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ የሚታለፈው መጀመሪያ በሚያርፉበት ከተማ ነው። ሻንጣው "እስከ ዳላስ" የሚል ወረቀት ቢለጠፍበትም እዚያው አንስቶ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ መልሶ ማስረከብ ይጠበቃል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር። አንድ ሰዓት ተኩል የተባለ ትኬት ርካሽ ቢሆንም አይግዙ።

ፓስፖርቱ እና ቪዛው ይለያያሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዲፕሎማቲክ ወይም የሰርቪስ ፓስፖርት መያዝ ብቻውን የኤ ቪዛ አያሰጥም። ኤ-1 እና ኤ-2 የሚሰጡት የአገሪቱን ብሔራዊ መንግሥት ወክሎ ለመንግሥት ሥራ ለሚመጣ ሰው ነው። ክልልን፣ ዞንን ወይም ከተማን ወክሎ የሚመጣ ባለሥልጣን በአሜሪካ ሕግ ለኤ ቪዛ ብቁ አይደለም፤ እንደማንኛውም ጎብኚ ቢ ቪዛ ይጠይቃል። የእኛ ማኅበር የሚጽፈው የግብዣ ደብዳቤም ቪዛ ለማግኘት ዋስትና ስላልሆነ "እኛ እናስጨርሳለን" ብላችሁ ቃል አትግቡ።

እንግዳው ከገባ በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገው ቀን ቪዛው ላይ የታተመው አይደለም። አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ያለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ይታያል፤ በገባ ማግሥት አውጥቶ ማየት ብልህነት ነው።

"ያለመከሰስ መብት አለኝ"

ሙሉ ያለመከሰስ መብት ያለው አሜሪካ ተቀብላ የመዘገበችው ዲፕሎማት ነው። የቆንስላ ሠራተኛ ያለው መብት እንኳ በሥራው ለፈጸመው ድርጊት ብቻ ነው። ለስብሰባ የመጣ የቢሮ ኃላፊ በአብዛኛው ምንም የለውም። ቢታሰር ኤምባሲው እንዲያውቅለት ፖሊሱን መጠየቅ ይችላል፤ ራሱ መጠየቁን አይርሳ።

ሙሉ መብት ሲኖር ምን እንደሚሆንም አይተናል። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ቅጥር ግቢ ውስጥ በተቃውሞ ወቅት አንድ የኤምባሲው ሰው ሽጉጥ ተኮሰ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሴክሬት ሰርቪስ ያዘው። አሜሪካ መብቱ እንዲነሳ ጠየቀች፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አላነሳም፤ ሰውየው አገሩን ለቆ ወጣ። መብቱ ከክስ አዳነው፤ ከመባረርና አገርን ከማስጠራት ግን አላዳነውም።

ተቃውሞ ከተነሳ

ቴክሳስም ሆነ ዋሽንግተን፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ መፈክር ማሰማት የተጠበቀ መብት ነው። ስድብም ቢሆን። እንግዳው ሊነገረው የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ አይመልሱ፣ አይጠጉ፣ ስልክ አይንጠቁ፣ ወደ መኪናዎ ይሂዱ። ሜይ 16 ቀን 2017 የቱርክ ፕሬዚዳንት ጠባቂዎች ዋሽንግተን ውስጥ ተቃዋሚዎችን ደበደቡ፤ 19 ሰዎች ተከሰሱ፣ አብዛኞቹም ጠባቂዎች ነበሩ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። የጉብኝቱን አጀንዳ ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

ለተቃዋሚ ወገኖቻችንም አንድ ቃል፦ የምትቆሙበት ቦታ የግል ንብረት ከሆነና ባለቤቱ ውጡ ካለ መብታችሁ እዚያ ያበቃል። ማስፈራራትና መንካትም ወንጀል ነው።

አዳራሽ የምትከራዩ

ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ስለዚህ "መሣሪያ አይገባም" ለማለት ከፈለጋችሁ ሕጉ የሚጠይቃቸው ማስታወቂያዎች በሩ ላይ መለጠፋቸውን ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ተነጋገሩ፤ 30.05፣ 30.06 እና 30.07 የሚባሉትን ማለት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ያሉ ፖሊሶችን በክፍያ መቅጠርም የተለመደ ነው፤ በሳምንታት ቀደም ብሎ ይጠየቃል። የመድረኩ የኋላ መውጫ የት እንደሆነ አንድ ሰው በቀን ሄዶ ይየው።

ሻንጣና ስልክ

ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መግባት አልተከለከለም፤ ሳያስመዘግቡ መግባት ግን ገንዘቡን ያስወርሳል። አብረው የሚጓዙ ቤተሰቦች ገንዘብ ተደምሮ ነው የሚታየው። ሽሮና በርበሬ አስመዝግቦ ማሳየት ነው። ቋንጣ ይቅር፤ ሥጋ አይገባም። ጫት ደግሞ እዚህ አገር እንደ አደገኛ ዕፅ የሚታይ ነውና "ለወዳጅ አድርስልኝ" የተባለውን የታሸገ ነገር እንግዳው ሳይከፍት እንዳይቀበል።

የድንበር መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ መፈተሽ ይችላሉ። የመሥሪያ ቤት ሰነድ የሞላበት ስልክ ቤት ይቆይ።

መንገድ ላይ

እንግዳውን መሪ አታስይዙት። ሀይዌይ 35 ዴንተን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ 35 ኢስት ወደ ዳላስ፣ 35 ዌስት ወደ ፎርት ዎርዝ። ለእኛም ያደናግራል።

ፖሊስ ካስቆመ አገር ቤት እንደለመድነው ከመኪና ወርዶ ማናገር እዚህ አደገኛ ነው። ተቀምጦ፣ እጅን መሪው ላይ አድርጎ፣ ሲጠየቅ ብቻ ወረቀት ማውጣት። ተሳፋሪውም እጁን ኪሱ አይክተት። "የሻይ" ብሎ ገንዘብ መዘርጋት በራሱ ወንጀል ነው።

የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ሳይገዛ ማንም አይምጣ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ማደር የማኅበርን ካዝና ሊያራቁት ይችላል። በፀደይ ወራት የቶርኔዶ ሳይረን ከሰሙ ከመስኮት ርቆ ወደ ታችኛው ፎቅ መግባት ነው እንጂ ወጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ አይደለም።

ገንዘብ ከተሰበሰበ

ይኼኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የሚነካው እኛን ነው። ከ2011 እስከ 2014 የሕዳሴ ግድብ ቦንድ በአሜሪካ ከተሞች በስብሰባ እየተዋወቀ ከ3,100 በላይ ሰዎች ገዙት፤ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ። ሽያጩ ግን በአሜሪካ ሕግ አልተመዘገበም ነበር። በጁን 2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዓላማው መልካም መሆኑ ከሕጉ አላዳነውም። ስለዚህ እንግዳው መድረክ ላይ ቦንድ፣ አክሲዮን ወይም መዋጮ ከጠራ፣ ጠበቃ ያየው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የውጭ መንግሥት ጠይቋችሁ የፖለቲካ ቅስቀሳ የምትሠሩ ከሆነም ከ1938 ጀምሮ ያለ የምዝገባ ሕግ አለ።

ለማጠቃለል

እንግዳው ከመነሳቱ በፊት አራት ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩለት፦ የቪዛው ዓይነትና የመመለሻ ቀኑ፤ የሚያድርበት ቤት ወይም ሆቴል አድራሻ፤ የሚቀበለውና የሚነዳው ሰው ስልክ፤ የኤምባሲው ስልክና 911። ገጹን አትሞ ኪሱ ይያዝ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። አንድ ቅጂ ከእናንተ ዘንድ ይቅር። እንግዳን ማክበር ባህላችን ነው፤ ታዲያ ክብሩ ከእራቱ በፊት ከዚህች ገጽ ይጀምር።

ሰላም ሁኑ።