የሕፃናት ዱቄት ወተት

የሕፃናት ዱቄት ወተት (ፎርሙላ ወይም በተለምዶ የጣሳ ወተት) የእናት ጡት ለማያገኝ ወይም በቂ ለማያገኝ ጨቅላ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከላም ወተት ሲሆን፣ ፕሮቲኑና ጨዉ ተቀንሶ፣ የአትክልት ዘይት፣ ላክቶስ፣ ብረትና ቫይታሚኖች ይጨመሩበታል። ይህ መጣጥፍ ለአንድ ሕፃን የሚስማማው ዱቄት ወተት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ሲሆን፣ በተለይ የፍኖተ ሰላምን፣ የቡሬንና የምዕራብ ጎጃምን ገጠር ሁኔታ ይመለከታል። በእነዚህ ቦታዎች ምርጫውን የሚወስነው የጣሳው ስም ብቻ አይደለም። የሕፃኑ ዕድሜ፣ የውሃው ንጽሕና፣ ቤተሰቡ ግዢውን ሳያቋርጥ መቀጠል መቻሉም እኩል ይወስናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሕፃን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 ወር በታች ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ እንደነበር አሳይቷል።

ታሪክና ሕግ

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1865 ለሕፃናት የሚሆን የተቀመመ ምግብ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ ከወተትና ከስንዴ ዱቄት የሠራውን መሸጥ ጀመረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ንግዱ ወደ ድሃ አገሮች ሲስፋፋ፣ በቆሸሸ ውሃ የተበጠበጠና የቀጠነ ወተት ብዙ ሕፃናትን ለተቅማጥና ለምግብ እጥረት መዳረጉ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 የድጋፍ ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቂያ መሥራትን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና ማደልንና ጣሳው ላይ የሕፃን ሥዕል ማድረግን ይከለክላል። በኢትዮጵያ ምርቱን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ለማን ያስፈልጋል?

እናቱ የሞተችበት፣ ከእናቱ የተለየ፣ ወይም እናቱ እንደ ካንሰር መድኃኒት ያለ ከማጥባት ጋር የማይሄድ ሕክምና የምትወስድ ሕፃን ዱቄት ወተት ያስፈልገዋል። ጋላክቶሴሚያ የተባለ ብርቅ የውርስ ሕመም ያለበት ሕፃን ደግሞ የእናቱን ወተትም ሆነ ተራውን ዱቄት ወተት መጠጣት አይችልም። ኤች.አይ.ቪ በደሟ ውስጥ ያለባት እናት ግን፣ ብዙ ሰው አሁንም ከሚያስበው በተቃራኒ፣ በኢትዮጵያ የምትመከረው መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ ነው።

በተግባር ወደ ጣሳው የሚገፋው ዋና ምክንያት «ጡቴ አይበቃውም» የሚለው ሥጋት ነው። ሕፃን ማልቀሱ ብቻ ግን ወተት ማነሱን አያሳይም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቱን የሚሸና፣ ክብደቱም በጤና ጣቢያው ሚዛን የሚጨምር ሕፃን በቂ እያገኘ ነው። ጣሳው አንዴ ከገባ ደግሞ ሕፃኑ ጡቱን የሚጎትትበት ጊዜ ስለሚያጥር ወተቱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ሥጋቱ ራሱን እውነት ያደርጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ፈቃድ ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ያልቃል። ለመምህርቷ ወይም ለባንክ ሠራተኛዋ ከጣሳ በፊት የሚቀርበው አማራጭ ወተቷን በእጇ አልባ ማስቀመጥ ነው። የታለበ የጡት ወተት በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለ4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

በጣሳው ላይ ያለው ቁጥር

ቁጥር 1 ከልደት እስከ 6 ወር፣ ቁጥር 2 ከ6 እስከ 12 ወር፣ ቁጥር 3 ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ተብሎ ይሸጣል። ከሦስቱ አስፈላጊ የሚባለው ቁጥር 1 ነው፤ እስከ 12 ወርም ያገለግላል። ቁጥር 2 ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ቁጥር 3ን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አይመክረውም።

የኮዴክስ ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ልክ ስለሚያስቀምጥ፣ ደረጃውን በጠበቁ የቁጥር 1 ጣሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋቸው ልዩነት በጣም ያነሰ ነው። «ጎልድ» እና «ፕሪሚየም» የሚሉት ቃላት የገበያ ስሞች እንጂ የሕክምና ደረጃዎች አይደሉም። ገዢ ሊያየው የሚገባው ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን፣ ጣሳው አለመጨማደዱንና አለመከፈቱን ነው። ተመዝኖ በላስቲክ የሚሸጥ ዱቄት ምን እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም።

በየሱቁ ከፎርሙላው ጎን የሚደረደሩት እንደ አንከርና ኒዶ ያሉት ለቤተሰብ የሚሆኑ የዱቄት ወተቶች ናቸው። ለጨቅላ አልተዘጋጁም፤ ዋጋቸው ቀለል ስለሚል ግን በስህተት ወይም በችግር ለጨቅላ ይገዛሉ።

ስንት ጣሳ ይበቃል?

ጡት የማይጠባ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ያስፈልገዋል። 5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ 750 ሚሊ ሊትር ወይም 100 ግራም ገደማ ዱቄት ነው። ባለ 400 ግራሙ ጣሳ አራት ቀን ብቻ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በጠቅላላው ከ18 እስከ 20 ኪሎ፣ ማለትም ከ45 እስከ 50 ጣሳ ያስፈልጋል። አንድ ጣሳ መግዛት የቻለ ቤተሰብ ሃምሳውን መግዛት ይችላል ማለት አይደለም።

ምርቱ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሬ ጋር ይወጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ በግልጽ ታይቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ መዘጋቱም ዕቃ ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መድረሱን አስተማማኝ አላደረገውም። ስለዚህ በከተማው ብዙ መድኃኒት ቤት የሚገኝ መካከለኛ ዋጋ ያለው ቁጥር 1፣ ዘመድ ከሩቅ አንድ ጊዜ ከላከው ውድ ጣሳ ይልቅ ለሕፃኑ የሚስማማ ነው።

ጣሳው ሲያልቅበት ቤተሰብ የሚያደርገው ማቅጠን ነው። ሁለት ማንኪያ በሚገባበት አንድ ማንኪያ ሲጨመር ሕፃኑ ሆዱ ይሞላል፣ ዝም ይላል፣ ነገር ግን ይከሳል። ማወፈርም ይጎዳል፤ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። የአንዱ ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አይሆንም፦ በብዙዎቹ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሆን፣ ለ60 ሚሊ ሊትር የሆኑም አሉ። ጽሑፉ በማይታወቅ ቋንቋ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ማስነበብ ይገባል።

ውሃና አዘገጃጀት

ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የተባለው ባክቴሪያ በራሱ በዱቄቱ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ያዛል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ በቂ ነው። ፈልቶ ከወረደ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ዱቄቱ ይገባበታል፤ ከዚያ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማብረድ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ጠዋት ለቀኑ ሙሉ በጥብጦ በፔርሙዝ ማስቀመጥ ለባክቴሪያ ምቹ ሙቀት መፍጠር ነው።

ይህ ሁሉ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ እሳት ማንደድን ይጠይቃል። ውሃ ከምንጭ በጀሪካን ለሚቀዳበት፣ ማገዶ ለሚለቀምበት የገጠር ቤት ከዱቄቱ የማያንስ ወጪ ነው። ክረምት ላይ ምንጩ ሲደፈርስ አደጋው ይጨምራል። ቦትስዋና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከከባድ ዝናብ በኋላ በተነሣው የተቅማጥ ወረርሽኝ በብዛት የታመሙትና የሞቱት ጡት የማይጠቡ፣ መንግሥት በነፃ በሚያድለው ፎርሙላ የሚያድጉ ሕፃናት ነበሩ። ወተቱ ደረጃውን የጠበቀ ነበር።

ጡጦ ስርቻው በቀላሉ ስለማይጸዳ፣ በሲኒ ወይም በትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይመረጣል። የተወለደ ሕፃንም ከሲኒ መጠጣት ይችላል።

የላም ወተት

ላም ያለው ቤተሰብ ለምን ጣሳ ይገዛል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በዕድሜ ይለያል። በ100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 3.3 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖር በእናት ወተት ውስጥ 1 ግራም ያህል ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ኩላሊት ይህ ይከብዳል፤ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ጉልበት ሰጪነቱና ቫይታሚኑ ይጎድላል። ከ6 ወር በኋላ ግን በ2023ቱ መመሪያ መሠረት ጡት ለማይጠባ ሕፃን የፈላ የእንስሳት ወተትም ሆነ ፎርሙላ መስጠት ይቻላል። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ስለሚያስተላልፍ መፍላቱ ግዴታ ነው። የላም ወተት ብረት ስለሚያንሰው እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ ያለበት ምግብ አብሮ ያስፈልጋል። ይህ ለጃቢ ጠህናን ወይም ለወንበርማ ገበሬ የጣሳውን ወጪ በግማሽ ዓመት ያሳጥርለታል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ በኢትዮጵያ የተዘጋጀው ፋፋም የሚያገለግለው ለዚሁ ዕድሜ ነው። ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት የሚሠራ ተጨማሪ ምግብ እንጂ የጡት ምትክ አይደለም።

ለተለየ ሕመም የሚሆኑ ዓይነቶች

እውነተኛ የላም ወተት አለርጂ (ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ሽፍታ፣ ክብደት አለመጨመር) ያለበት ሕፃን ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረ ፎርሙላ ያስፈልገዋል። «ኤች.ኤ.» የሚል ምልክት ያለው ከፊሉ ብቻ የተሰባበረ በመሆኑ አለርጂን አያክምም፤ የፍየል ወተት ፎርሙላም እንዲሁ። የአኩሪ አተር ፎርሙላ ከ6 ወር በፊት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይመረጥም። ከላክቶስ ነፃ የሆነው ከተቅማጥ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል። ለተራ ቁርጠትና ለትውከት ጣሳ መቀያየር ብዙውን ጊዜ ጥቅም የለውም፤ ቁርጠቱ በሦስት ወሩ ገደማ ራሱ ይሻለዋል።

ኤፍ-75 እና ኤፍ-100 የሚባሉት ወተቶች በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በጤና ተቋም ተኝተው የሚታከሙባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ገበያ ላይ ቢገኙም ለጤናማ ጨቅላ አይሰጡም።